የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ ዘገባ፦ የጠፋችው ብሎን

ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ የክበባችን ልጆች በሙሉ ሜዳው ላይ አጎንብሰው ብሎን ይፈልጉ ነበር። ብሎኗ ከጣት ጥፍር አትረዝምም። ከአራት ኪሎ በኩል ከሚመጣው የታክሲ ጥሩምባ በቀር ድምፅ የለም። አላገኘናትም። የዓመቱ ዋና ሥራችን ግን የጀመረው ያን ቀን ነው።

ከመነሻው ልንገራችሁ። መስከረም ላይ የአንዲት ተማሪያችን አጎት ከውጭ ሲመጡ አንዲት ሞዴል መኪና ይዘውልን መጡ። በባትሪ የምትሄድ አይደለችም። መዳፍ ላይ የምታርፍ እውነተኛ ሞተር አላት፤ ፒስተን አላት፣ ካርቡራተር አላት፣ ማርሚታ አላት። እንዲህ ያለ ሞተር በደቂቃ 30 ሺህ ዙር ሊደርስ ይችላል። ነዳጁ ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል የተባለ የአልኮል ዓይነት ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ኃይል የሚጨምር ናይትሮሜቴን የተባለ ኬሚካል የተጨመረበት ነው፤ እሱን አላገኘንም። ስለዚህ የሞዴል አውሮፕላን ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙበትን ድብልቅ ወሰድን፦ 80 በመቶ ሜታኖል፣ 20 በመቶ የጉሎ ዘይት። ልጆቹ የጉሎ ዘይትን የሚያውቁት ለፀጉር ነበርና በጣም ተገረሙ። ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው። ድብልቁን የምሠራው እኔ ብቻ ነኝ፤ በጓንት፣ ደጅ ላይ። ይህን ለወላጆች በድጋሚ ማረጋገጥ እፈልጋለሁ።

ያን ዓርብ ሞተሩ ተነሣ። ሁላችንም ጮኽን። ትንሽ እንደሠራ ግን ሻንሲው ላይ መንገጫገጭ ጀመረ። ከአራቱ ማሰሪያ ብሎኖች አንዷ የለችም፣ ሁለቱ ላልተዋል።

«ቲቸር፣ በደንብ ስላላጠበቅነው ነው» አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ባለ በሌለ ኃይሉ አጠበቀው። አልሙኒየሙ ውስጥ ያለው ጥርስ ተበላ። ልጁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም ነበር። ጥያቄውን ግን በትክክል እንድንጠይቅ ያደረገን እሱ ነው፦ ማጥበቅ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?

ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳየው፣ ብሎንን ከሁሉ በላይ የሚያላላው ወደ ጎን የሚያንሸራትት እንቅስቃሴ ነው። የታሰሩት ነገሮች ወደ ጎን በተንሸራተቱ ቁጥር ጥርሶቹን የያዘው ሰበቃ ለቅጽበት ይከዳል። ብሎኑም ቅንጣት ታህል ወደ ኋላ ይዞራል። ይህ በደቂቃ በሺዎች ጊዜ ሲደጋገም አስቡት። ሙቀቱ ደግሞ አለ። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል፤ የብረት ብሎን አልሙኒየም ውስጥ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር አያያዙ ይለዋወጣል።

መፍትሔውን መካኒኮች ሁሉ ያውቁታል፤ ብሎን እንዳይላላ ጥርሱ ላይ የሚደረግ ሎክታይት የሚባል ሙጫ ነው። ሦስት ልጆች ይዤ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። በቀለም የሚለይ ነው፤ ሻጩ ቀዩን ዓይነት አነሣና «ይሄ ከያዘ አይለቅም» አለን። ገዛነው። እውነቱን ነው፣ አይለቅም! ቀዩን ለማስለቀቅ ወደ 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ማሞቅ ያስፈልጋል። እኛ ሳናሞቅ በብሩጎላ፣ ማለትም ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ፣ ስንታገል የአንዱ ብሎን ራስ ተላጠ። በኋላ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የምንበይድበትን ብረት ብሎኑ ራስ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይዘን ነው የወጣልን። ለእንዲህ ያለች ትንሽ ብሎን የሚሆነው ሰማያዊው ነው፤ በእጅ መፍቻ ይፈታል፣ እንደ ዓይነቱ ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ይችላል።

ሰማያዊውን ገዛን። እሱም ላላ።

እዚህ ላይ ተስፋ መቁረጥ መጣ። መልሱን ያገኘችው ዝም ብላ የምትቀመጥ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የወጣውን ብሎን በጣቷ አሸችውና «ቲቸር፣ ይሄኮ ቅባት ነው» አለች። የጉሎ ዘይቱ! ሙጫው የያዘው ብረቱን ሳይሆን ዘይቱን ነበር። ከዚያ ወዲህ ብሎኑንም ቀዳዳውንም በአልኮል ሳናጥብና ሳናደርቅ ጠብታ አናስነካም። ጠብታዋም አንዲት ብቻ ናት። ከዚያ 24 ሰዓት መጠበቅ ነው። ለልጆቹ ከሁሉ የከበዳቸው ይኸው መጠበቁ ነበር።

ሙጫው ራሱ ብዙ አነጋግሮናል። ልጆቹ ጠርሙሱ እስከ አፉ ስላልሞላ ተታለልን ብለው ነበር። አልተታለልንም። ይህ ፈሳሽ የሚደርቀው አየር ሲያጣና ብረት ሲነካ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ አየር የሚተወው እዚያው እንዳይጠነክር ነው። የሎክታይትን መነሻ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1953 ቨርነን ክሪብል የተባለ፣ አሜሪካ ሃርትፎርድ በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ የነበረ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነው። አስተማሪ ነበር ስላቸው ደስ አላቸው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የነገርኳቸው።

የክበቡ ደብተር ላይ የማይነኩትንም ጽፈናል። ፕላስቲክ ላይ አይደረግም፤ አንዳንዱን ይሰነጥቀዋል። ካንዴላው ላይ አይደረግም። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ላይ አይደረግም፤ የእሱ ብሎኖች በመስቀለኛ ተራ፣ ቀስ እየተባለ ይጠብቃሉ።

ሁለተኛው ሴሚስተር የሙቀት ነበር። በኮሮና ጊዜ በር ላይ ግንባር ስንለካበት የነበረውን መሣሪያ አወጣን። ለሰው ትኩሳት የተሠራ ስለሆነ ከአቅሜ በላይ ነው አለን። ጋራዥ ያላቸው አንድ ወላጅ ለሞተር የሚሆነውን አዋሱን። ቴስታታው ስለሚያብረቀርቅ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ አንድ ጎኑን ጥቁር ቀባንና 112 ዲግሪ አነበብን። የድሮዎቹ ሰዎች የውሃ ጠብታ ጣል አድርገው ቶሎ ፈልቶ ከጠፋ ሞተሩ ሞቋል ይላሉ። አንዱ ልጅ «እኛ ጋ እኮ ውሃ በ92 ነው የሚፈላው» ብሎ አስቆመን። ልክ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ መመሪያ እዚህ ማስተካከያ ይፈልጋል። አየሩ ስለሚሳሳ የካርቡራተሩን መርፌም ወደ ውስጥ ጠምዝዘን ነዳጁን መቀነስ ነበረብን።

ግንቦት ላይ በወላጆች ቀን መኪናዋ ሜዳውን አሥራ አንድ ጊዜ ዞረች። ሰኔ ላይ ፈታናት። አራቱም ማሰሪያ ብሎኖች በቦታቸው ነበሩ። ብሩጎላው ሲዞር «ቀጭ» አለና ለቀቀ፤ ጥርሶቹ መሐል ሰማያዊ ዱቄት ነበር። ያቺ የ10ኛ ክፍል ተማሪ አንዷን ብሎን በወረቀት ጠቅልላ ደብተሩ ላይ በፕላስተር ለጠፈቻት።