ደብዳቤ ለልጄ፦ ጀልባው ይቅር፣ ድልድዩ ላይ እንቀመጥ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቅዳሜ በስልክ የነገርሽኝን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ለጡረታዬ ብለሽ ፍሎሪዳ ወስደሽኝ አብረን ዓሳ እንድናጠምድ አሰብሽ። ዝም ያልኩሽ ሳልደሰት ቀርቼ አይደለም። ቃል ጠፍቶኝ ነው። በጽሑፍ ይቀለኛል ብዬ ወረቀት አነሳሁ።

ዘጠኝ ዓመትሽ ሳለ ስለ ዝዋይ የነገርኩሽን ሰምተሽ «አባዬ፣ እኔንም ዓሳ ማጥመድ ውሰደኝ» ብለሽኝ ነበር። «በሚቀጥለው ቅዳሜ» አልኩሽ። ማታ ፓርኪንግ፣ ቅዳሜና እሑድ ታክሲ እሠራ ነበር። ያቺ ቅዳሜ ሳትመጣ አንቺ አደግሽ። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ውስጤ አለ። አሁን ጊዜ አለኝ።

ከተማዋን በደንብ መርጠሻል። ሴንት ፒተርስበርግ ሞቃት ናት፣ ለታምፓ አየር ማረፊያም ቅርብ ናት። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ጀልባው ይቅር። ካፒቴኑ ለግማሽ ቀን የጠየቀሽ 600 ዶላር ቲፕ ሲጨመርበት ከ700 ያልፋል። እሱ የአንቺ የስንት ሌሊት ተረኛነት ነው። ደግሞ ጀልባ ላይ ሰው ያዝዝሻል፤ እዚህ ጣዪ፣ አሁን ሳቢ፣ ሰዓት አለቀ። እኔ የምፈልገው ካንቺ ጋር ቁጭ ብዬ፣ ክሩን እያየሁ፣ ሳንቸኩል ማውራት ነው።

ያሰብኩት ቦታ ከከተማዋ በስተደቡብ፣ የታምፓ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ያለው አሮጌው የስካይዌይ ድልድይ ነው። በፈረንጆቹ ግንቦት 9 ቀን 1980 ጠዋት ኃይለኛ ዝናብና ንፋስ ነበር። አንድ ትልቅ የጭነት መርከብ የድልድዩን ምሰሶ መታው። መንገዱ ተቆርጦ ባሕር ውስጥ ገባ። አውቶቡስና መኪኖች ተከትለው ወደቁ፤ 35 ሰው ሞተ። አዲሱ ድልድይ በ1987 ተከፈተ። ከአሮጌው የቀሩት ሁለት ጫፎች የዓሳ ማጥመጃ ሆኑ። ስንደርስ፣ መንጠቆ ከመጣላችን በፊት፣ ለእነዚያ ሰዎች ነፍስ ይማር እንላለን።

ለኔ የሚመቸው መኪናውን እስከ ድልድዩ ድረስ ነድተሽ ከማጥመጃሽ ጎን ማቆም መቻልሽ ነው። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። ሲደክመኝ መኪና ውስጥ ጋደም እላለሁ። ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። የማጥመድ ፈቃዱንም የድልድዩ ፈቃድ ስለሚሸፍንልን ለየብቻ አንገዛም። ግን በየዓመቱ የሚወሰድ ነፃ የኢንተርኔት ትምህርት አለ፤ እሱን ሁለታችንም ቤታችን ሆነን እንጨርስ። አውሎ ነፋስና እድሳት አንዳንዴ አንዱን ወገን ስለሚያዘጋው፣ ከመነሳታችን በፊት ደውለሽ የቱ ጫፍ ክፍት እንደሆነ ጠይቂ።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። አንቺ ሐምሌ ብለሻል። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ሐምሌ ደግሞ ሙቀቱ ለእናትሽ ደም ግፊት አይሆንም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንት እንሂድ። ሁዳዴ ተፈቷል። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ እናትሽ የያዝነውን በየትኛውም ቀን ያለ ሐሳብ ትበላለች። ባሕሩም ያኔ ይሞቃል። ውሃው ወደ 70 ፋራናይት ሲጠጋ ስፓኒሽ ማክሬል የሚባለው ዓሳ በመንጋ ይመጣል።

ስለ ውሃው ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ፤ እኔም ይህን ያወቅሁት አሜሪካ መጥቼ ነው። ዝዋይ ውሃው ባለበት ይጠብቅሻል። ጠዋት ዳር ላይ ያስቀመጥሽውን ድንጋይ ማታ እዚያው ታገኚዋለሽ። እኛ ልጆች ሆነን ትል ቆፍረን፣ ሸምበቆ ላይ ክር አስረን፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ እንቀመጥ ነበር። ቆሮሶ ከመጣ መጣ። ከደሴቶቹ የሚመጡት የዛይ ሰዎች የደንገል ታንኳቸውን ሲቀዝፉ ቆመን እናያለን። የሚያስቸኩለን አልነበረም።

ባሕር እንዲህ አይደለም። ይሞላል፣ ይጎድላል። ጨረቃና ፀሐይ ይስቡታል። የታምፓ ባሕረ ሰላጤ ሰፊ ነው፤ ያ ሁሉ ውሃ የሚገባውና የሚወጣው በድልድዩ ሥር ባለው አፍ ነው። ስለዚህ ውሃው ወንዝ ይመስላል። ትንንሾቹን ዓሦች ይዞ ይነጉዳል። ትልልቆቹ ምሰሶ ተከልለው አፋቸውን ወደሚመጣው ውሃ አዙረው ይጠብቃሉ። ውሃው ሞልቶ ወይም ጎድሎ ሲያበቃ ለጥቂት ጊዜ ይቆማል። ያኔ ዓሳውም አፉን ይዘጋል። እኛም ያን ጊዜ ቡና እንጠጣለን። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን የውሃው ፍሰት ይበረታል። ቀኑን ስትመርጪ የጨረቃዋንም ቀን እይ።

የያዙትን ወደ ላይ ማውጣትም ብልሃት አለው። ድልድዩ ከውሃው ከፍ ያለ ነው፤ በክሩ ብቻ ከጎተትሽው መንገድ ላይ ይወድቃል። በገመድ የሚወርድ ክብ መረብ ያስፈልጋል፤ እኔ እገዛለሁ። ማክሬል ጥርሱ ምላጭ ስለሆነ ከመንጠቆው በላይ ጥቂት የሽቦ ክር እናስራለን። ከ12 ኢንች ያነሰ አይያዝም፣ ለአንድ ሰው በቀን የሚፈቀደው 15 ነው። ለእኛ አራት አምስት ይበቃናል። ሥጋው ቶሎ ስለሚበላሽ በረዶ በደንብ ይኑረን። የምንከራየው ቤት ኩሽና ያለው ይሁን። ቃሪያ፣ ሎሚና ሚጥሚጣ ከቤት አመጣለሁ።

ባሕር ውስጥም አምባዛ የሚመስል ባለ ሪዝ ዓሳ አለ። ክንፉ ላይ ያለው እሾህ መርዝ አለው፤ በባዶ እጅሽ እንዳትነኪው። ቅርፊት የሌለውን ዓሳ እናትሽ ስለማትቀምስ እሱን መልሰን እንጥላለን። ታርፖን የሚባለው ትልቅ ዓሳም መንጠቆሽን ሊነክስ ይችላል። ከሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል፣ ከ50 ዓመት በላይም ይኖራል። ያንን ማስቀረት ክልክል ነው። ቢዘል አይተሽው ልቀቂው። ያቺን ዝላይ ካየሁ ጉዞው ለኔ ተሳክቷል።

አሁን የማሳስብሽ ስለ ፔሊካኖቹ ነው። ዝዋይ ዳር ዓሳ አራጆቹ አንጀቱን ሲጥሉ ፔሊካኑም አባ ኮዳውም አጠገባችን ይሰለፉ ነበር። እንደ ጎረቤት ነው የለመድኳቸው። ስካይዌይ ላይም ፔሊካን ብዙ ነው። ትንሹን ዓሳ ሊቀማ ሲወርድ መንጠቆ ይይዘዋል፣ ክር ክንፉን ይጠመጥመዋል። ብዙ ሰው ደንግጦ ክሩን ይቆርጣል። ወፉ ክሩን ይዞ ዛፍ ላይ ያርፍና እዚያው ታስሮ በረሃብ ይሞታል። ሕጉ ለአንድ ሰው ሁለት ማጥመጃ ብቻ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ከገጠመን አንቆርጥም። ቀስ ብለን ስበን፣ በመረቡ አንስተን፣ ጭንቅላቱን በፎጣ እንሸፍናለን። እኔ ክንፉን ሰብስቤ እይዛለሁ፣ አንቺ በፒንሳ የመንጠቆውን ጫፍ ቆርጠሽ ታወጪዋለሽ። የነርስ እጅሽን አምናለሁ። አንድ ትልቅ አሮጌ ፎጣና ፒንሳ ሻንጣሽ ውስጥ ጨምሪ።

ሌላው ቀላል ነው። ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ውሃ። አሸዋው ዳር ውሃ ውስጥ ስትገቢ እግርሽን አታንሺ፤ እየጎተትሽ ሂጂ። አሸዋ ሥር የሚተኛው ስቲንግሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሳ ንዝረቱ ተሰምቶት ይሸሻል፣ ከረገጥሽው ግን በጅራቱ ይወጋሻል።

እናትሽ ማጥመዱን አትወድም፣ ግን እመጣለሁ ብላለች። ወንበርና ቴርሞሷን ከአሁኑ ለይታለች። ሆስፒታል ፈቃድ የሚሰጡሽን ሳምንት ጠይቂና ሐሙስ ማታ ደውዪልኝ። የጨረቃዋን ቀን አብረን አይተን ትኬቱን እንቆርጣለን። የእኔንና የእናትሽን ትኬት እኔ እከፍላለሁ፤ እዚህ ላይ እንዳትከራከሪኝ።

የምወድሽ አባትሽ