የነጭ የደም ሴልንና የኮሌስትሮልን የምርመራ ወረቀት ጎን ለጎን አንብቡልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ኮሌስትሮል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ጽሑፉ የደም ሥርን እንደ ውኃ ቧንቧ፣ ኮሌስትሮልን ደግሞ ቧንቧው ላይ እንደሚጋገር ቅባት አድርጎ አቅርቦታል። ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ ይህን አባባል ከታካሚም ከባለሙያም እሰማለሁ። ለማስረዳት ይመቻል፤ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎች ግን ጨርሶ ይረሳል።

ቅባቱ የሚከማቸው ደም በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ሳይሆን በደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ነው። መጥፎው ኮሌስትሮል የምንለው ኤልዲኤል ሲበዛ ወደ ግድግዳው ሰርጎ ይገባና እዚያው ይቀራል። ጠባዩም ይለወጣል። ያን ጊዜ ግድግዳው ይቆጣና ሞኖሳይት የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይጠራል። እነሱም ገብተው ማክሮፌጅ ወደሚባሉ በላተኛ ሴሎች ይለወጣሉ። ቅባቱን ይውጣሉ፤ እስኪያብጡ ድረስ ይውጣሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አረፋ የሞላባቸው ስለሚመስሉ የአረፋ ሴል ይባላሉ። ብዙዎቹ እዚያው ይሞታሉ። ሥሩን የሚያጠበው እብጠት እንግዲህ ቅባቱና ሊያጸዱት የመጡት ሴሎች አብረው የሠሩት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሩሲያዊው ኒኮላይ አኒችኮቭ እ.ኤ.አ. በ1913 ጥንቸሎችን ኮሌስትሮል እየመገበ የደም ሥራቸው ሲታመም አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ካንቶስ የተባለ ጥናት ደግሞ ከዚህ ቀደም ሃርት አታክ የደረሰባቸውን ከ10,000 በላይ ሰዎች ተከታትሏል። የተሰጣቸው መድኃኒት ኤልዲኤልን አልቀነሰም፤ የሰውነትን መቆጣት ብቻ ነው ያበረደው። የልብ አደጋው ግን ቀነሰ። እውነቱን ለመናገር መድኃኒቱ በኢንፌክሽን የሚሞቱትን ቁጥር ስለጨመረ መፍትሔው ይኸው ተገኘ አይባልም። መቆጣቱ ራሱ ጉዳት እንዳለው ግን በደንብ አሳይቷል።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ ልምጣ። የነጭ የደም ሴል ቁጥር በአብዛኛው ከ4,000 እስከ 11,000 በማይክሮሊትር ከሆነ ደህና ነው ይባላል። ጠቅላላ ኮሌስትሮል ከ200 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱ በተለያየ ወረቀት ይወጣሉ፤ አንዱን ከሌላው ጋር የሚያስተያይ ሰው ግን ብዙም አላይም። ነጭ የደም ሴል በብዙ ምክንያት ይጨምራል፤ ሲጋራ ማጨስ እንኳ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን የልብ ምርመራ አይሆንም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው አቅጣጫ ነው።

ሰውነት ከኢንፌክሽን ጋር ሲታገል ነጭ የደም ሴል ይጨምራል፤ በዚያው ጊዜ ኤልዲኤልም ጥሩው ኤችዲኤልም ይወርዳሉ። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው የደም ቅባት ደግሞ ይወጣል። በዚያ ሰሞን የተለካ ኮሌስትሮል ያታልላል።

አጎቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ኮሌስትሮላቸው 240 ስለነበር ሐኪም መድኃኒት አዝዞላቸው ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲሉ ሳይጀምሩት ሳንባ ምች ያዛቸው። ተኝተው ሳሉ ሲለካ ነጭ የደም ሴላቸው 17,000፣ ኮሌስትሮላቸው ደግሞ 150 ሆነ። «ደህና ሆኗል» ተባሉ። ደስ ብሏቸው መድኃኒቱን የመጀመሩን ሐሳብ እርግፍ አድርገው ተዉት። 17,000 የሚለው ወረቀት እዚያው አጠገባቸው ነበር፤ ያገናኘው ሰው ግን የለም። ከሁለት ወር በኋላ እኔ ራሴ ስለካው 235 ነበር።

ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ሐኪሞች የቅባት ምርመራ ከማዘዛችሁ በፊት «ሰሞኑን አሞህ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንባቢዎችም ከከባድ ሕመም ከተነሳችሁ ጥቂት ሳምንታት ቆይታችሁ ተለኩ፤ በሕመም ጊዜ በወጣ ውጤት ተመርኩዛችሁም የታዘዘላችሁን መድኃኒት አታቁሙ። እናንተም በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ስለ ነጭ የደም ሴሎቹ አንድ አንቀጽ ብትጨምሩ ደስ ይለኛል።

አጎቴ መድኃኒቱን ጀምረዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ