ለሴንት ሎረንስ ጉዞ ለተመዘገባችሁ አባላት

ጤና ይስጥልኝ፣

የመስከረሙ የውኃ ውስጥ ጥልቀት (ዳይቪንግ) ጉዟችን ወደ ኩቤክ፣ ሌዜስኩመን ነው። ወደ ታዱሳክ መንደር የምታሻግረን ጀልባ በነፃ ነች፤ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

እዚያ ሴንት ሎረንስ ወንዝ አይመስልም። ውኃው ጨው ነው፤ እንደ ባሕር ይሞላል፣ ይጎድላል። ከጥልቁ የሚወጣው ውኃ በሐምሌ እንኳ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ድራይ ሱት (ውኃ የማያስገባ የመጥለቂያ ልብስ) ግዴታ ነው። ለብሳችሁት የማታውቁ አስቀድማችሁ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ተለማመዱ።

የሬጉሌተሩን (ውኃ ውስጥ አየር የምንተነፍስበትን ዕቃ) ነገር አደራ! አምና የእኔው 12 ሜትር ላይ በረዶ ያዘውና አየሩ ዝም ብሎ ይፈስ ጀመር። አረፋው ፊቴን ሸፈነው፤ ጓደኛዬን ማየት አቃተኝ። ክንዴን ጨበጥ ሲያደርገኝ ነው ልቤ የተመለሰው። በእሱ አየር ቀስ ብለን ወጣን። እባካችሁ ለቀዝቃዛ ውኃ የተሠራ ይዛችሁ ኑ። ውኃው ውስጥ ሳትገቡም አትተንፍሱበት፤ የትንፋሻችን እርጥበት ውስጡ ይቀዘቅዛል።

የምንጠልቀው ውኃው ሞልቶ ሲረጋ ብቻ ነው። ያረፈደ ሰው አንጠብቅም፣ ይቅርታ። ባትሪ አትርሱ፤ ዓለቱን የሸፈኑት አኒሞኖች (አበባ የሚመስሉ የባሕር እንስሳት) ቀለማቸው የሚወጣው ሲበራባቸው ነው።

ማደሪያ እንድንይዝ እስከ አርብ ማታ አሳውቁን።