የሚያፈስ ቧንቧን ቆጣሪ ያጋልጣል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በአዲስ አበባ ስለ ውሃ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ፈረቃውና ስለ እጥረቱ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁንና በብዙ ድካም ቤታችን ከደረሰ በኋላ፣ ቆጣሪያችንን አልፎ ማንም ሳይጠቀምበት ስለሚባክነው ውሃ የሚጻፈው ጥቂት በመሆኑ ይህን ደብዳቤ ለአንባቢያን እንድታደርሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ቆጣሪን አብዛኞቻችን የምናውቀው በሂሳብ መጠየቂያነቱ ነው፤ ነገር ግን የቤትን የውሃ መስመር ለመመርመር ከእርሱ የቀለለ መሣሪያ የለም። በተለመደው ቆጣሪ መስታወት ሥር ያሉት ጥቁር ቁጥሮች ሜትር ኩብን፣ ቀዮቹ ደግሞ ከዚያ በታች ያለውን መጠን ያሳያሉ። በአጠገባቸው ያለችው ኮከብ ወይም ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያላት ትንሽ መዘውር ቀጭን ውሃ ሲያልፍ እንኳ ትዞራለች። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ እርሷ መዞሯን ከቀጠለች ውሃው በሆነ ቦታ እየወጣ ነው።

እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም የአንዲት ጎረቤቴ የውሃ ሂሳብ በየወሩ ሲጨምር፣ እሳቸው ቆጣሪ አንባቢው ተሳስቶ ይሆናል ብለው ነበር። አንድ ምሽት ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተን፣ ከታች ተደርድረው ከሚገኙት ቆጣሪዎች መካከል የእሳቸውን በባትሪ ብናየው መዘውሯ ቀስ እያለች ትዞራለች። ወደ ሽንት ቤቱ ታንከር ውሃ የሚያስገባውን መዝጊያ ስንዘጋው ቀጥ አለች። የታንከሩ ጎሚኒ አልቆ፣ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ በመቀመጫው ግድግዳ ላይ እየወረደ ወደ ፍሳሽ መስመሩ ይገባ ነበር፤ ወለሉ ደረቅ ስለሆነ የሚጠረጥር አልነበረም።

እንዲህ ያለው ነገር እንደ ቀላል መታየት የለበትም። በሰዓት 2 ሊትር ብቻ የሚያፈስ መስመር በ30 ቀን 1,440 ሊትር ያባክናል፤ ይህም 72 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ውሃ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ምን ያህል እንደሆነ ጀሪካን የተሸከመ ሰው ያውቀዋል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው ውሃ በብዙ ወጪ የተጣራ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ደግሞ ከዝቅተኛው የከተማው ክፍል ወደ ከፍታው የሚደርሰው በፓምፕ ተገፍቶ ስለሆነ፣ ከሚባክነው ውሃ ጋር መብራትም አብሮ ይባክናል።

ፍተሻውን ማድረግ የሚፈልጉ ሰዎች ግን ሊጠነቀቁለት የሚገባ ነገር አለ። ሮቶ ያለው ቤት ሮቶው እስኪሞላ መጠበቅ ወይም ወደ እርሱ የሚገባውን መስመር መዝጋት አለበት፤ አለዚያ ቆጣሪው የሚዞረው ሮቶው እየሞላ ስለሆነ ብቻ ሊሆን ይችላል። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ መጀመሪያ ሲለቀቅ በመስመሩ ውስጥ የታመቀው አየርም ቆጣሪውን ሊያዞር ስለሚችል፣ ውሃው ጥቂት ከቆየ በኋላ ቢፈተሽ ይመረጣል። ከሮቶው ወዲህ ያለውን መስመር ለመፈተሽ ደግሞ ማታ የውሃውን ልክ ምልክት አድርጎ ጠዋት ማየት ነው።

ከቆጣሪው በፊት ያለውን የመንገድ ላይ መስመር በተመለከተ ሥራው የነዋሪው አይደለም። በዚያም ቢሆን የቤት ቆጣሪዎች ይረዳሉ፤ ወደ አንድ ሰፈር የገባው ውሃ በዋናው ቆጣሪ ተለክቶ፣ በተመሳሳይ ጊዜ ከተነበቡት የቤት ቆጣሪዎች ድምር ጋር ሲነጻጸር የልዩነቱ መጠን መስመሩ ምን ያህል እንደሚያፈስ ለመገመት ያስችላል። ሰው ሁሉ በሚተኛበት ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ሰፈሩ የሚገባው ውሃ ካልቀነሰም እንዲሁ የሚያጠራጥር ነው። ንባቡ በግምት የሚሞላ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ስሌት ዋጋ ያጣል፤ ለዚህም ነው በግምት የሚሠራ ሂሳብ ከደንበኛው ኪስ በላይ የሚጎዳው ነገር አለ የምለው።

ስለዚህ የውሃ አገልግሎት የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶችን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሂሳብ በስልክ በሚከፈልበት በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናየው ብሩን እንጂ ሜትር ኩቡን ስላልሆነ፣ በሚላክልን መልእክት ላይ የወሩ ፍጆታ ካለፉት ወራት ጋር ተያይዞ ቢጻፍልን፤ ፍጆታው በድንገት ያሻቀበበት ቤት ሲያጋጥም አንባቢው በር አንኳኩቶ ቢናገር፤ በሲሚንቶ የተሸፈኑና መስታወታቸው የደበዘዘ ቆጣሪዎችም ባለቤቱ ራሱ ሊያነባቸው በሚችልበት ሁኔታ ቢስተካከሉ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ