የበሽተኛው ስም ታይዋን

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን አራት ዓመት ሊሞላን ነው፤ እባክህ ዝምታዬን እንደ መርሳት አትቁጠርብኝ። በመጨረሻው ደብዳቤህ «ሐኪም ጋወኑን ሰቅሎ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ሙያውን የት ይጥለዋል?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። እዳው አለብኝና በአንድ ሰው ሕይወት ልመልስልህ። ቺያንግ ዌይሹይ ይባላል፣ ታይዋናዊ ሐኪም ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።

ከሁሉ በፊት ኖቬምበር 30 ቀን 1921 የጻፈውን ላሳይህ። አንተና እኔ በየዋርዱ ስንሞላው እንደኖርነው ያለ የበሽተኛ ካርድ ነው፤ በሽተኛው ግን አገሩ ነው። ስም፦ ታይዋን። ጾታ፦ ወንድ። ዕድሜ፦ አሁን ወዳለበት አድራሻ ከተዛወረ 27 ዓመት። ይህቺን «ተዛወረ» የምትል ቃል ልብ በልልኝ። ጃፓን ደሴቲቱን ከቻይናው የቺንግ መንግሥት የተረከበችው በ1895 ነው፤ በዚያ አገር አቆጣጠር መነሻው ዓመት ራሱ አንድ ስለሚባል 27 ይመጣል። የአሁን አድራሻ ብሎ የጃፓኑን ጠቅላይ ገዥ መሥሪያ ቤት ይጽፋል፣ የትውልድ ቦታ ብሎ ቻይናን። ኬንትሮስና ኬክሮሱን እንኳ አልተወም። ሥራው ደግሞ የዓለም ሰላም በር ጠባቂ ነው።

በሽተኛው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ሆዱን ይርበዋል። የአካል ምርመራው ላይ ስትደርስ ሐኪሙን ታገኘዋለህ። ጭንቅላቱ ለሰውነቱ ትልቅ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ጥሩ ማሰብ ነበረበት፤ ነገር ግን ሁለት ሦስት ተራ ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱ ከጥያቄው ጋር አይገናኝም። እጅና እግሩ ከሥራ ብዛት ፈርጥሟል። ሆዱ ግን ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ቆዳው ተጨማዶ እንደ ወለደች ሴት ሆድ ነጫጭ መስመር ይታይበታል። ምክንያቱንም ይጽፈዋል፦ ከ1916 ጀምሮ በአውሮፓው ጦርነት ሲሳይ ሆዱ ባንዴ ተነፋ፤ ሰላም ሲመጣ አንጀቱን ብርድ መታው፣ ብርቱ ተቅማጥ ያዘው፣ የተወጠረው ሆድ ተሟሸሸ። የጦርነት ጊዜ ገበያ መድራትንና ከዚያ የመጣውን ውድቀት በሆድ ቆዳ ላይ እንዲህ ያነበበ ሌላ ሰው አላውቅም።

የበሽታው ስም ከባድ ነው፦ በዓለም ሥልጣኔ ፊት አእምሮው ያላደገ ልጅ። መንስኤው የዕውቀት ምግብ እጥረት። ዕጣው ደግሞ ሁለት ነው፤ ተፈጥሮው ጤናማ ስለሆነ በትክክል ከታከመ ቶሎ ይድናል፤ ሕክምናው ከተሳሳተ ወይም ከዘገየ ይሞታል። ማዘዣው ላይ አምስት መድኃኒት አለ፦ መደበኛ ትምህርት፣ ተጨማሪ ትምህርት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የጋዜጣ ማንበቢያ ቤት። የአምስቱም መጠን አንድ ነው፤ ሰውነት የሚችለው ከፍተኛው መጠን። ተቀላቅለው ቶሎ ከተወሰዱ በ20 ዓመት ይፈውሳሉ ይላል።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምርልህ። ከአምስቱ ሦስቱ፣ ማለትም ትምህርት ቤቶቹ፣ የተቆለፉት በገዥው ፋርማሲ ውስጥ ነበር። ሐኪሙ በእጁ ሊያድል የሚችለው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው። ቀሪ ሕይወቱን የምረዳው እነዚያን ሁለቱን ሲያድል፣ እንዳልበቁ ሲያይም ሕክምናውን ሲቀይር ነው።

የተወለደው በሰሜን ምሥራቅ ታይዋን፣ በዪላን ነው። አባቱ ዕድል ተንባይ ነበሩ፤ እሱም በልጅነቱ መንፈስ ያናግረዋል ተብሎ ቤተ መቅደስ አገልግሏል። ካርዱ ላይ «አጉል እምነት ሥር ሰዷል» ብሎ ከምልክቶቹ አንዱ ሲያደርገው ከቤቱ የሚያውቀውን መጻፉ ነው። በ1910 ታይፔይ በጠቅላይ ገዥው የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1915 ጨረሰ። ከዚያ ዘመን አንድ የማልወድለት ነገር አለ፤ እሱን ደብቄ ባወድሰው ግን አታምነኝም። በ1913 እሱ ያለበት የተማሪዎች ቡድን የቻይናውን መሪ ዩዋን ሺካይን ለመግደል አሴረ፤ ዱ ጾንግሚንግ የተባለው ተማሪና አንድ ጓደኛው የኮሌራ ጀርም ይዘው ውሃ ውስጥ ሊጨምሩ እስከ ቤይጂንግ ሄዱ። ጥበቃው ስለጠበቀባቸው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የኮሌራ ውሃ የታለመለትን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ የሕክምና ተማሪ ይህን ሳያውቅ አይቀርም። ዱን አትርሳው፣ ተመልሶ ይመጣል።

በ1916 ታይፔይ ዳዳኦቼንግ በሚባለው የነጋዴ ሰፈር ዳአን ሆስፒታልን ከፈተ። ስሙ ሆስፒታል ይሁን እንጂ አንተ ብታየው ክሊኒክ ነው የምትለው። ውሎ አድሮ ያ ቤት በሽተኛም ጋዜጣም የሚስተናገድበት ሆነ፤ «ታይዋን ሚንባኦ» የተባለው የታይዋናውያን ጋዜጣ ቶክዮ እየታተመ ሲመጣ የአገር ውስጥ ቢሮው እዚያ ነበር። በ1926 ደግሞ አጠገቡ መጻሕፍት መሸጫ ከፈተ።

ኦክቶበር 17 ቀን 1921 የታይዋን ባህል ማኅበር ተመሠረተ። ሊቀመንበሩ ባለርስቱ ሊን ሺየንታንግ ነበሩ፣ ሥራውን የሚገፋው ግን ቺያንግ ነው። የማንበቢያ ቤቶቹን አሠራር ልንገርህ፦ የታይዋን፣ የጃፓንና የቻይና ጋዜጦች ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ፤ ስለ ቅኝ ተገዥ ሕዝቦች ትግል የሚያወራው ቦታ ዓይን እንዲስብ በቀይ ቀለም ይከበባል። ለማያነበው ሕዝብ ደግሞ ንግግር ይዘጋጃል። ፖሊስ መድረኩ አጠገብ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። ያልወደደውን ሲሰማ መጀመሪያ «ተጠንቀቅ!» ይላል፤ ቀጥሎ «ይቁም!»፤ ከባሰ «ይበተን!»። «ይቁም» የተባለው ተናጋሪ ሲወርድ ተረኛው ይወጣል። ስለዚህ ተናጋሪ በርከት አድርጎ መያዝ ያስፈልግ ነበር። ፖሊስ ራሱ በመዘገበው መሠረት ከ1923 እስከ 1926 ድረስ 798 እንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ተደርገዋል።

ሁለተኛው መንገድ ለታይዋን የራሷ ምክር ቤት እንዲሰጣት ለቶክዮ ፓርላማ አቤት ማለት ነበር። ከ1921 እስከ 1934 አሥራ አምስት ጊዜ አቤቱታ ገባ፤ አንዱም አልሰመረም። በ1923 መጀመሪያ አቤቱታውን የሚያስተባብር ማኅበር ታይፔይ ላይ ቢያቋቁሙ ገዥው አገደው፤ ቶክዮ ሄደው ያንኑ ማኅበር እንደገና አቋቋሙት፤ እዚያ የታይዋን ገዥ ቃል አይሠራምና። ዲሴምበር 16 ቀን ግን ደሴቲቱ ላይ የጅምላ እስር ሆነ። የመጀመሪያው ችሎት በነፃ አሰናበታቸው፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ቺያንግ አራት ወር ተፈረደበት።

በ1927 ማኅበሩ ተሰነጠቀ። ወጣቶቹ ሶሻሊስቶች አመራሩን ያዙት፤ ቺያንግና የቀድሞዎቹ ወጡ። ጁላይ 10 ቀን በታይቹንግ የታይዋን ሕዝብ ፓርቲን መሠረቱ፤ በደሴቲቱ የመጀመሪያው ሕጋዊ የፖለቲካ ፓርቲ ነው። ሕክምናው የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። ንባብ ብቻውን ደመወዝ እንደማይጨምር አየ፤ በ1928 የሠራተኛ ማኅበራትን በአንድ ኅብረት ሰበሰበ፤ «ወገን ይተባበር፣ ትብብር እውነተኛ ኃይል ነው» የሚለው መፈክር የዚያን ጊዜ ነው። ሀብታሞቹ ደጋፊዎቹ ግን ከሠራተኛ ጋር መቆሙን አልወደዱለትም፤ አንድ በአንድ ሸሹት። ለእኔ ከእስሩ ይልቅ ይህ ነው የጎዳው።

እንደ ሐኪም ከፍ ያለ ሥራው የምለው የኦፒየሙ ጉዳይ ነው። የጃፓን አስተዳደር ኦፒየምን በሞኖፖል ይዞ ፈቃድ ላላቸው ሱሰኞች ይሸጥ ነበር፤ በ1900 ባለፈቃዶቹ ከ169 ሺህ በላይ ነበሩ። ሐሳቡ አዲስ ፈቃድ ሳይሰጥ አሮጌዎቹ በሞት እንዲያልቁ ነው ይባል ነበር፤ በ1929 መጨረሻ ግን በድብቅ ለሚያጨሱት አዲስ ፈቃድ ሊሰጥ ተነሣ። ፓርቲው በጃንዋሪ 1930 ጄኔቫ ለመንግሥታቱ ማኅበር ቴሌግራም ላከ፤ አገራችን በ1923 ለገባችበት ለዚያው ማኅበር። መርማሪዎቹ መጡ፤ ማርች 1 ቀን ታይፔይ ባቡር ሆቴል ቺያንግንና ጓደኞቹን አነጋገሩ። አስተዳደሩ ለሱሰኞች ማገገሚያ ከፈተ፤ ሕክምናውን የሚመራው ማን ነበር መሰለህ? ያ ዱ ጾንግሚንግ፤ አሁን የፋርማኮሎጂ ሊቅ ሆኗል። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሱሰኞቹን ያስለቅቃል፤ ተደብቆ የሚያጨሰውን ደግሞ በሽንት ምርመራ ይለየዋል።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በዉሼ ተራሮች የነባር ሕዝቦች አመፅ ተነሣ፤ ፓርቲው ጦሩ መርዝ ጋዝ ተጠቅሟል ብሎ ወደ ቶክዮ አቤት አለ። ጋዝ ሲባል አንተም እኔም ወዴት እንደምናስብ አውቃለሁ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1931 ፓርቲው በጉባኤው ላይ እንዳለ ፖሊስ ገብቶ አፈረሰው።

ከስድስት ወር ያነሰ ኖረ። የአንጀት ተስቦ ያዘውና ኦገስት 5 ቀን ታይፔይ ሆስፒታል ሞተ፤ ገና በአርባዎቹ ደጃፍ ላይ ነበር። ለታይፎይድ የሚሆነው ክሎራምፌኒኮል ሥራ ላይ የዋለው በ1948 ነው፤ በ1931 ፈሳሽ ከመስጠት፣ ትኩሳት ከማብረድና አንጀቱ እንዳይበሳ ከመጸለይ ሌላ ሐኪሞቹ እጅ ላይ ምንም አልነበረም። በኑዛዜው ነባሮቹ ጓዶች ወጣቶቹን እንዲረዱ አደራ አለ። ኦገስት 23 ቀን አምስት ሺህ ያህል ሕዝብ ቀበረው። ካርዱ ላይ ከጻፈው 20 ዓመት ውስጥ አሥሩ ገና አልሞሉም ነበር።

ወደዚያ አገር ጉዞ ከገጠመህ ዳአን ሆስፒታል የነበረው ታይፔይ ዬንፒንግ ሰሜን መንገድ ላይ ነው፤ ዛሬ ብስኩት ይሸጥበታል። ከዚያ ወደ ዪላን የሚወስደው አምስት ቁጥር ፈጣን መንገድ በስሙ ተጠርቷል፤ 12.9 ኪሎ ሜትር ዋሻ ያቋርጣል። አፅሙም በ2015 ወደዚያው ወደ ዪላን ተመልሷል።

ካርዱን ወደ አማርኛ እያዞርኩት ነው። አንድ ቃል አስቸግሮኛል፤ ከማዘዣው በላይ ምልክቱን ሳይሆን መንስኤውን የሚያክም ሕክምና ነው ብሎ በአንድ ቃል የሚጠራው አለ። «ሥር ነቀል» ብዬ ነበር፤ ግን የሚነቅል እንጂ የሚያድን አይመስልም። አንተ ለበሽተኞችህ ምን ብለህ ነው የምታስረዳቸው? ጻፍልኝ።

ናፋቂ ወንድምህ