መዝገቡ ይነበብልን

ለተከበሩ የሕዝብ እንደራሴ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሕዝብን ሒሳብ ለሕዝብ ስለማሳየት

ስምዎን ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። ደብዳቤው በየትኛውም አገር ምክር ቤት ተቀምጦ «ሕዝብ መርጦኛል» ለሚል ሰው ሁሉ ስለሚሆን ነው። ወንበሩ የእርስዎ ከሆነ ደብዳቤውም የእርስዎ ነው።

በምርጫ ሰሞን ስልክዎ ይነሳል። በማግስቱ አይነሳም። እኛም ለአንድ ቀን ነግሠን ወደየሰልፋችን እንመለሳለን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ወፍራም የማሻሻያ ሰነድ ይዘው ብቅ ይላሉ። ሥልጣን ለባለቤቱ ይመለሳል ይላል ሰነዱ። ኢኮኖሚው ለሁሉም ይሠራል ይላል። ሽፋኑ ያምራል። የባለፈውም ሽፋኑ ያምር ነበር።

ሰነዱን አልጠላውም። የምለምንዎት ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው። የሕዝብ ገንዘብ ለማን፣ ለምን ሥራ፣ በስንት እንደወጣ የሚያሳየው መዝገብ ይከፈት። ሌላው ማሻሻያ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ?

መራጭ የሚሸልምዎትም የሚቀጣዎትም ባየው ነገር ነው። ካላየ በምን ይፈርዳል? በወሬ ይፈርዳል። በፖስተር ይፈርዳል። «የእኛ ሰው ነው» በሚል ይፈርዳል። ከዚያ ሕዝቡ በስሜት መረጠ ተብሎ ይወቀሳል።

አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ የዓመቱን በጀት ቅጂ ጠየቅሁ። ሚስጥር አይደለም፤ በምክር ቤት የጸደቀ ነው። ከመስኮቱ ጀርባ የነበረው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ። «ከየት ነው የመጣኸው?» አለኝ። «ከቤቴ» አልኩት። «ደብዳቤ ይዘሃል?» አልያዝኩም። «ታዲያ ለምን ፈለግከው?» ይቺን ጥያቄ እስካሁን መመለስ አቅቶኛል። እኔ ግብር ስትሰበስቡ ለምን ፈለጋችሁት ብዬ ጠይቄ አላውቅማ!

በሕንድ ራጃስታን የሚኖሩ ድሃ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ግን መልሱ ነበራቸው። ጊዜው 1990ዎቹ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመንግሥት ሥራ ላይ ሲለፉ ይውሉና ሕጉ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ደመወዝ በታች ይከፈላቸዋል። ለምን ሲሉ፣ «መዝገቡ ላይ የሠራችሁት ይህን ያህል ነው» ይባላሉ። እስቲ መዝገቡን አሳዩን ሲሉ ደግሞ ሚስጥር ነው። በ1990 የተመሠረተ አንድ የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር ነገሩን ይዞ በ1994 «ጃን ሱንዋይ» የሚባል ስብሰባ መጥራት ጀመረ። የሕዝብ ሸንጎ እንበለው። በየመንደሩ ሰው ይሰበሰባል፣ በስንት መከራ የተገኘው መዝገብ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ በቃ። እገሌ ይህን ያህል ቀን ሠርቶ ይህን ያህል ተቀብሏል ሲባል፣ እገሌ ከመሐል ይነሳና «እኔ እዚያ ሥራ ላይ እግሬም አልረገጠ» ይላል። የሞቱ ሰዎች ደመወዝ ሲቀበሉ ተገኙ። ወረቀት ላይ ተሠርቶ ያለቀ ግንባታ መሬት ላይ ታጣ።

መፈክራቸው «ሀማራ ፔሳ፣ ሀማራ ሂሳብ» ነበር። የእኛ ገንዘብ፣ የእኛ ሒሳብ ማለት ነው። የመጨረሻዋን ቃል ለመረዳት እኛ አስተርጓሚ አያስፈልገንም። በ1996 ቤያዋር በተባለች ከተማ 40 ቀን መንገድ ላይ ተቀምጠው ጠየቁ። በ2005 ሕንድ በአገር ደረጃ የመረጃ መብት ሕግ አወጣች። ነገሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ ከሕጉ በኋላም መረጃ በመጠየቃቸው የተገደሉ ሰዎች አሉ። ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። እዚያ ሸንጎ ከተቀመጡት ውስጥ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ብዙዎች ነበሩ። ስለዚህ «ሕዝቡ በጀት አይገባውም» የምትለዋን ነገር ይተዉልን። ሲነበብለት ይገባዋል።

ኡጋንዳም አለችልን። ከ1991 እስከ 1995 ማዕከላዊው መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ይመድብ ነበር። አጥኚዎች ትምህርት ቤቶቹን እየዞሩ ሲጠይቁ፣ በአማካይ የደረሳቸው ከተመደበው 13 በመቶው ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው መንገድ ላይ ቀርቷል። መንግሥት ለየወረዳው የላከውን ገንዘብ ልክ በጋዜጣ ማተምና በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ማስለጠፍ ጀመረ። በ2001 በተደረገው ጥናት የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆኗል። ለውጡን ያመጣው ጋዜጣ ብቻ አይደለም፣ ሌሎች የበጀት ማሻሻያዎችም ነበሩ የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ይሁን። ወላጁ «ይህን ያህል ተልኮ ነበር፣ የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅበትን ቁጥር ያገኘው ግን ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው።

አዲስ ነገር እየፈለሰፍኩ አይምሰልዎ። በጥንታዊቷ አቴንስ ሹመኛ ዘመኑን ሲጨርስ ሒሳቡን ያስመረምራል። ምርመራው ሳያልቅ ከአገር መውጣትም ሆነ ንብረቱን ለሌላ ማስተላለፍ አይፈቀድለትም። 500 አባላት የነበሩት ምክር ቤታቸው በዕጣ ነበር የሚመረጠው፤ የሚያገለግሉትም ለአንድ ዓመት፣ በዕድሜ ልክ ቢበዛ ሁለት ጊዜ። ሴቶችንና ባሮችን ከነገሩ ውጪ አድርገዋልና መላእክት አናድርጋቸው። ርክክብ የሚባለው ነገር ግን ገብቷቸዋል። አንድ የመጋዘን ጠባቂ ሥራ ሲለቅ ቆጥሮ ያስረክባል። የአገር ግምጃ ቤት የያዘ ሰው እጁን እያወዛወዘ የሚወጣው በምን ሕግ ነው?

የምርጫ ገንዘብን በተመለከተ ባጭሩ ልለፍ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በሰጠው ውሳኔ ኩባንያዎች ለእጩ በቀጥታ እስካልሰጡ ድረስ በራሳቸው ቅስቀሳ ላይ ያሻቸውን ያህል ማውጣት ይችላሉ። የካናዳዋ ኬቤክ ደግሞ ከ1977 ጀምሮ ከመራጭ ግለሰብ በቀር ለፓርቲ ማንም ገንዘብ እንዳይሰጥ ከልክላለች። የቱ መንገድ ወደ ሕዝብ እንደሚያደርስ እርስዎም ያውቁታል። ከኩባንያ ተቀብሎ የተመረጠ ሰው ጨረታ ሲወጣ ዐይኑ ወዴት እንደሚያይ ማንም አይጠፋውም።

ውክልና የማንሳት መብትስ ይሉኝ ይሆናል። መልካም መብት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ተጽፏል። ካሊፎርኒያ በ2003 ገዥዋን በመራጭ ድምፅ አንስታለች። በስዊዘርላንድ ፓርላማው ያወጣው ሕግ ያልተዋጠላቸው ሰዎች በ100 ቀን 50,000 ፊርማ ካሰባሰቡ ሕጉ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። ግን መዝገቡ እንደተዘጋ ከሆነ መጥፎውን ትቶ ጥሩውን ከወንበሩ ማንሳትም አለ። በጨለማ የተወረወረ ድንጋይ ማንን እንደሚመታ ማን ያውቃል?

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ስሎቫኪያ ከ2011 ጀምሮ የምትሠራበት ደንብ አለ። የመንግሥት አካል የገባው ውል ኢንተርኔት ላይ ሳይታተም ሥራ ላይ አይውልም። በሦስት ወር ውስጥ ካልታተመ ጭራሽ እንዳልተፈረመ ይቆጠራል። ጥቂት ለይቶ የሚያስቀራቸው ውሎች አሉ፤ ደንቡ ግን ይህ ነው። ደስ የሚለኝ ብልሃቱ ነው። ባለሥልጣኑን «ግልጽ ሁን» ብሎ አይመክረውም። ውሉን ከደበቀ ገንዘቡም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ እንዲታተም የሚቸኩለው ነጋዴው ራሱ ይሆናል።

እርስዎም አንዲት አንቀጽ ያርቅቁልን። «ለሕዝብ ይፋ ያልሆነ የመንግሥት ውል አይጸናም» ትበል። ቀጥሎ የተዋዋዩ ድርጅት እውነተኛ ባለቤት ስም አብሮ ይውጣ የምትል ሐረግ ይጨምሩበት። የድርጅት ስም ብቻ ማየቱ ምንም አይጠቅመንም፤ ከስሙ ጀርባ ያለው የማን አጎት እንደሆነ ነው የምንፈልገው። ብሪታንያ ከ2016 ጀምሮ ኩባንያዎችን በትክክል የሚቆጣጠሯቸውን ሰዎች ስም በይፋ መዝገብ እንዲያስገቡ ታስገድዳለች። ይቻላል ማለት ነው።

የአገር ደኅንነት የሚሉትን ክርክር እጠብቃለሁ። የመሣሪያ ዓይነትና የወታደር ምሥጢር ይቅርብን፣ አንጠይቅም። የወንበር፣ የመኪና፣ የአስፋልትና የወረቀት ግዢ ግን ጠላት ሰምቶት ምን ያደርግበታል?

ይህን ለማድረግ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልግዎትም። ኮሚሽን ማቋቋም፣ ለጥናት ውጭ አገር መሄድ፣ አማካሪ መቅጠርም አያስፈልግም። (አማካሪ ከቀጠሩ ውሉን ያሳዩን።) እስከዚያው ድረስ ግን ሕጉንም ሳይጠብቁ ማድረግ የሚችሉት አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ መረጥንዎት ሰዎች ሲመጡ ንግግር ይዘው አይምጡ። በአካባቢያችን ከተሠራው አንድ መንገድ ወይም አንድ ጤና ጣቢያ ይምረጡና ውሉን ይዘው ይምጡ። ድምፅ ማጉያውን ይያዙና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ያንብቡልን። እኛ መንገዱን እናውቀዋለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ መራጭ

ግልባጭ፦
ከመስኮቱ ጀርባ ላለው ሰውዬ