ያ የበሳሽው ጆሮ

ሰናይትዬ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ መጻፌ ያሳፍራል። እሁድ እህትሽን ገበያ አገኘኋት። የወለድሽበት ኦፕራሲዮን ጠባሳ አብጦ እንደሚያሳክክሽ፣ ልታስቆርጪውም ቀን እንደያዝሽ ነገረችኝ።

ቆይ፣ አትቸኩይ።

ዶርም ውስጥ በመርፌና በክር የበሳሽኝን ጆሮ ታስታውሻለሽ? ኬሎይድ አወጣ፤ ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ማለት ነው። መጀመሪያ ሽምብራ አከለ፣ ኋላ ባቄላ። ሻርፕ ከራሴ ሳላወርድ ከረምኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ካንቺም የጠፋሁት በሱ ነው። ጥፋቱ ግን ያንቺ አይደለም። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይበዛል፤ በዘርም ይሄዳል።

አንድ ክሊኒክ ሄጄ አስቆረጥኩት። ተገላገልኩ ብዬ ዓመት ሳይሞላ ተመለሰ፤ ያውም ብሶበት። ለካ ቁስሉ ከዳነም በኋላ ሰውነቴ ጠባሳ መሥራቱን አያቆምም። ዝም ብሎ መቁረጥ ሌላ ቁስል መጨመር ነው።

አሁን የቆዳ ስፔሻሊስት ይዞኛል። በየ4 ሳምንቱ እብጠቱ ውስጥ ስቴሮይድ ይወጋኛል። ያማል፣ አልዋሽሽም። ሥጋው ጠጣር ስለሆነ መድኃኒቱ አልገባም ይላል፤ ሐኪሙ በአውራ ጣቱ ታግሎ ነው የሚገፋው። ከአራተኛው መርፌ በኋላ ማሳከኩ ተወኝ፣ እብጠቱም ለስለስ አለ። ዙሪያው ትንሽ ነጣ፤ የመርፌው ጣጣ ነው።

አንቺ መጀመሪያ ኬሎይድ መሆኑን አረጋግጪ። ከስፌቱ መስመር አልፎ ጤነኛውን ቆዳ ካልያዘ፣ ወፈር ያለ ጠባሳ ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱ በጊዜ ብዛት ራሱ ይሟሽሻል። የሲሊኮን ፕላስተርም ይረዳዋል፤ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለ2 ወይም 3 ወር ይለጠፋል። ሌዘርም አለ፣ ኪስሽ ከቻለ። ሎሚ ቀቢበት የሚልሽን ግን አትስሚ፤ እኔ ሞክሬ ጆሮዬን አቃጥያለሁ።

መቁረጥ ግድ ነው ካሉሽ "ከዚያስ እንዳይመለስ ምን ታደርጉልኛላችሁ?" በያቸው። መርፌ ወይም ጨረር ካላሰቡልሽ ቀኑን ሰርዢው። እያጠባሽ ከሆነም አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ፎቶውን በቴሌግራም ላኪልኝ፣ የስፌቱ መስመር በደንብ ይታይ። ቁጥሬ ያው ነው። ያን ቀን ያዋስሽኝ ጉትቻም እኔ ጋ አለ፤ አንዱ ጠፍቷል።